«ሕክምና እምቢ ብላለች» የሚለው ወረቀት

ለውድ እታለሜ ኮራል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ብርዱ ጠናበት? ባለቤትሽ ሌስተር ያቺን መኪና ጠግኖ ጨረሰ ወይስ ዛሬም ግቢው ውስጥ ተገትራለች? ልጄ ታርኒስ? ትበላለች? ስሜን ታነሳለች? እኔ አለሁ። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች «ደህና ነኝ» ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። ይቅር በዪኝና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሙቀቱ ገና ሳይበርድ አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ሥር ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣ። በልጅነታችን ጫካ ውስጥ የምንለቅመውን የኳንዶንግ ፍሬ ያህላል። እናታችንን እንዴት እንደጀመራት ታውቂያለሽ። ያኔውኑ ቅጽ ሞልቼ የእስር ቤቱ ክሊኒክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ነርሷ የጠራችኝ በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ እሷም ሳትነካኝ «የወር አበባሽ ሊመጣ ይሆናል» ብላ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠችኝ። ሁለተኛ ሞላሁ፣ ሦስተኛ ሞላሁ። በመጨረሻ ሆስፒታል ተቀጠረልሽ ተባልኩ። ቀኑን ግን ለእስረኛ አይናገሩም፤ ለማምለጥ እንዳናስብ ነው አሉ። አጃቢ ጠፍቶ ቀጠሮዬ መቅረቱን የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ከወር በኋላ ወሰዱኝ። እጄን ከወገቤ ጋር፣ እግሬን ከእግሬ ጋር በሰንሰለት አስረው ነው። መጠበቂያው ውስጥ አንዲት እናት ስታየኝ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ሐኪሙ ወንድ፣ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂም ወንድ። «ልብስሽን አውልቂ» ተባልኩ። «እሱ ይውጣልኝ» ብል ጠባቂው «ደንብ ነው፣ አልወጣም» አለ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እታለም፣ በእኛ በአቦርጂናሎች ዘንድ የሴት ገመና ለሴት መሆኑን ከየት ይወቁት! አላወልቅም አልኩ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወረቀት አመጡና በታሰረ እጄ ፈረምኩ፤ «ሕክምና እምቢ ብላለች» ይላል።

የዊሉናዋ አክስት አይቪ፣ የእናታችን ወዳጅ፣ እዚሁ አብረውኝ ታስረዋል። ይህን ሲሰሙ እንደ ሕፃን ተቆጡኝ። «ማን ላይ ነው የኮራሽው? እነሱኮ ወረቀታቸውን ይዘው ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በልተዋል! እብጠቱ ያለው አንቺ ላይ ነው» አሉኝ። እጄን ይዘው በወር አንዴ ወደምትመጣው የጤና ሠራተኛ ጎተቱኝ። ሸሪሊን ትባላለች፣ የእኛው ሰው ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እብጠቱ አይደለም፤ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። እታለም፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሴት ሐኪም፣ ሴት ጠባቂ ይሁንላት ብላ ደጋግማ ጻፈች፣ ደወለች፣ ተጨቃጨቀች።

በሁለተኛው ጉዞ ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ ጠባቂዋም ከመጋረጃው ጀርባ ቆመችልኝ። አንድ እጄ ግን ከአልጋው ጋር እንደታሰረ ነው። ውጤቱ ካንሰር ነው፤ ብብቴ ድረስ ሄዷል። «ያኔ በመጀመሪያው ቅጽ ቢታይ ኖሮስ?» አልኳት። አልዋሸችኝም። «ትንሽ ሳለ እንደርስበት ነበር» አለችኝ።

አሁን ቀዶ ሕክምና እጠብቃለሁ። ቀኑን ለእኔም ስለማይነግሩኝ ነይልኝ ልልሽ አልችልም፤ ሳትሰሚ ገብቼ እወጣለሁ። የሚያስፈራኝ ቢላዋው አይደለም፣ ከምድራችን ርቄ እዚህ መቅረት ነው። ክፉ ቢመጣ ወደ አገሬ መልሱኝ ብዬ ሸሪሊንን አስጽፌአታለሁ፤ ያንቺን ስልክም ሰጥቻታለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። እናታችን በዚሁ ሄደች፣ እኔንም ያዘኝ፤ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ጉልበቴ፣ መኪናው፣ ልጆቹ ሳትዪ ሂጂና ጡትሽን አሳዪ። ካፈርሽ ሴት ሐኪም ጥሩልኝ በይ። አንቺን ፈቃድ የሚያስጠይቅሽ የለም፣ የሚያስርሽም የለም።

ለሌስተር ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እሱው ይውሰድሽ። ትንሹን ልጅሽን ካይደንን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን አክስት ዱልሲን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ለታርኒ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃትም። እውነቱን ከአንቺ አፍ ትስማ፣ እጇን ይዘሽ ንገሪያት፤ እናትሽ እምቢ አላለችም በያት።

እህትሽ ኖኤሊን
ፐርዝ አጠገብ፣ ከሴቶች እስር ቤት
ኦገስት 25 ቀን 2019