የሳሎኑ ጓዳ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ኅዳር 12

ለጠብታ አባት፣

ጠብታ ደህና ናት። ከሰላምታም በፊት ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እንደማውቅህ ግን «ደህና ናት ብላ ከጀመረችማ አንድ ነገር ሆናለች» ብለህ ከወንበርህ ተነስተሃል። ተቀመጥ። ልጅህ ወጥ ቤት ቆማ ሬዲዮ እየሰማች ሽንኩርት ትልጣለች። ጣቷ ላይ ካለች አንዲት ጭረት በቀር አካሏ ላይ ምንም የለም።

አንተስ እንዴት ነህ? ጉልበትህን ተሻለህ? ስልክ ደውዬ ልነግርህ ነበር፤ ግን ድምፅህን ስሰማ ስለ አየር ጠባይ አውርቼ እንደምዘጋው ስለማውቅ መጻፉ ይሻለኛል አልኩ። እኔ አለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ወርክሾፕ አልሄድኩም፤ ጉንፋን ይዞኛል ብያቸዋለሁ። እውነቱ ግን ጠላቂዎች ለጥገና የሚያመጡልኝን መተንፈሻ አፌ ውስጥ ከትቼ መሞከር አቅቶኛል። ጎማው ጥርሴን ገና ሲነካው አውጥቼ እወረውረዋለሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ! ትናንት ፊቴን ስታጠብ ውሃው አፍንጫዬ ውስጥ ቢገባ ጮህኩ። ጠብታ እየሮጠች መጣች። «ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነው» አልኳት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ደብዳቤህ ከነፎቶው ከደረሰን አንድ ወር ሊሞላው ነው። ባሕሩ መሐል ቁልቁል የሚወርደውን፣ ማንም ገብቶበት አያውቅም ያልከውን ጉድጓድ የሚያሳየውን ፎቶ ጠብታ አልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። «አባዬ አብረን እንግባ ብሎኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ሰበብ መደርደር ጀመርኩ፤ ሩቅ ነው፣ ትምህርትሽ፣ ብርዱ። ሰማችኝ ሰማችኝና፣

«እማዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ? እዚያ ላሉት ዓሦች እኮ ስም አውጥቼ ጨረስኩ» አለች።

«ምን አለበት? እነሱም ያውቁሻል።»

«እኔ የማላውቀውን ነው ማየት የምፈልገው።»

አፏን ስታጣምም ቁርጥ አንተን። ንግግሩም ያንተው ነው። አንተ ካርታ ዘርግተህ አዲስ ባሕር በጣትህ ስታሳየኝ፣ እኔ «ሳሎን ይበቃናል» ስልህ፣ ስንት ዓመት ተነታረክን? ሳሎን ብለህ ስም ያወጣህለት እኮ አንተው ነበርክ፣ ከባሕሩ ሥር ያለውን ያንን ሶፋ የሚመስል የኮራል ድንጋይ አይተህ። ከሥሩ የሚኖረውን ግዙፍ ዓሣም «አከራያችን» ያልነው በገባን ቁጥር ብቅ ብሎ፣ የቤት ኪራይ እንዳልከፈለ ሰው ስለሚገላምጠን ነው። ጠብታ በአሥራ ሁለት ዓመቷ መጀመሪያ የጠለቀችው እዚያ ነው። እኔ ሰው «ባሕር» ሲለኝ የሚታየኝ ያ ቦታ ብቻ ነው።

በመጨረሻ «አንድ ጊዜ ሳሎን አብረን እንግባ፤ ከዚያ አባትሽ ጋ ስለመሄድ እናወራለን» አልኳት። አከራያችን ወጥቶ አንዴ ቢገላምጣት ልቧ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሞተር ይዘውን ወጡ። ጀልባቸው አዲስ ቀለም ተቀብታለች፤ ሞተሩ ግን ዛሬም በእርግጫ ነው የሚነሳው። ቦታው ስንደርስ ወደ ውሃው አየት አደረጉና፣ «ልጄ፣ ካለፈው ማዕበል ወዲህ እዚህ የወረደ ሰው የለም። ከታች ምን እንደነካካ አላየንም። ጓዳውን ዛሬ ተዉት» አሉኝ።

«ጋሽ ሞተር፣ የገዛ ሳሎኔን ለኔ ይነግሩኛል?» ብዬ ሳቅኩባቸው።

ጓዳው ከሶፋው ጀርባ ያለችው ዋሻ ናት፤ በአንድ በኩል ገብተን በጓሮ በር የምንወጣባት። መቶ ጊዜ ገብተንባታል። ባትሪዎቹንም መመለሻ ገመዱንም ጀልባው ላይ ትተናቸው ወረድን። ሳሎን ለመግባት ባትሪ ምን ያደርጋል? አየህ፣ የሌላ ሰው መሣሪያ ቢሆን አንዲት ብሎን ላላ ብትልብኝ ሙሉውን መልሼ የምፈታ ሰው ነኝ።

ታች ስንደርስ ውሃው ደፍርሷል። ሶፋው አንድ ጎኑ ተገምሷል። አከራያችን የለም። ጠብታ አንገቷን ወዲያ ወዲህ እያዞረች ፈለገችው። እኔም ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ፣ ውስጤ ግን «የኔ ሳሎን ነው» ማለቱን አልተወም። በእጇ ወደ ጓዳው አመለከተችኝ። እሺ ብዬ ምልክት ሰጠኋት። እሷ ቀደመች፤ እኔ ተከተልኩ።

መሐል ላይ ትንሽ ስትታጠፍ የጓሮው በር ብርሃን ይታይ አልነበር? ታጠፍን። ብርሃን የለም። በሩ በድንጋይ ተደፍኗል። ጠብታ እጇን ስትሰድ ይሁን እግሯ ነክቶት አላውቅም፣ ደለሉ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የራሴን እጅ ዓይኔ ሥር አምጥቼ አላየሁትም። የምሰማው የገዛ ትንፋሼን ብቻ ነው፤ እንደ ውሻ አለከልካለሁ። የአየር ሲሊንደሬ አናት ጣሪያውን መታው፣ ጠጠር ማጅራቴ ላይ ተበተነ። እጄን ወደ ፊት ሰደድኩና እግሯ ላይ ያለውን መቅዘፊያ ነካሁት። ያዝኩት።

ከዚያ ለቀቅኩት።

አምልጦኝ አይደለም። ለአምስት ቀን «አምልጦኝ ነው» እያልኩ ለራሴ ስነግር ከረምኩ፤ ላንተ ግን አልዋሽህም። ለቀቅኩትና ዞሬ ወጣሁ። ብርሃኑን ሳይ ወደ ኋላዬም አልተመለከትኩም፣ ሽቅብ ቀዘፍኩ። አራት ሜትር ያህል ከወጣሁ በኋላ ነው የቆምኩት። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ቁልቁል ሳይ የዋሻው አፍ ጭስ እንደሚተፋ ምድጃ ደለል ይተፋል። ጠብታ የለችም።

«ውረጂ፣ ግቢ» አልኩ ለራሴ። እግሬ እንቢ አለ። የሰው እግር እንዲህ እንቢ ሲል አይቼ አላውቅም፤ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ቢላዬን መዝዤ ጀርባዬ ላይ ያለውን ሲሊንደር መደብደብ ጀመርኩ። ኳ! ኳ! ኳ! ጋሽ ሞተር ሰምተው አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ። ምን ሊያደርጉ? የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ እግራቸው ውሃ ሲነካው የሚሰቀጥጣቸው ሰው! ግን አእምሮዬ እዚያ አልደረሰም። መጥተው ያውጡኝ ነበር የምለው። እኔን። ልጄን እንዲያወጡ ሳይሆን እኔን።

ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ ሆኖኛል። አየሯ እያለቀ እንደሆነ አሰላሁ፤ ስሌቱን እንኳ አልሳትኩም። እጄ መደብደቡን አያቆምም።

መጀመሪያ የወጣው ግራ እጇ ነው፣ ግድግዳውን እንደያዘ። ያንን ነገር ያስተማርካት አንተ ነህ። በስምንት ዓመቷ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ዓይኗን በጨርቅ አስረህ «ግራ እጅሽን ከግድግዳው አታንሺ፣ ያገባሽ ግድግዳ ያወጣሻል» ስትላት፣ ልጄን ሊገድላት ነው ብዬ ሦስት ቀን አኩርፌህ ነበር። ይቅር በለኝ።

ያኔ ነው እግሬ የታዘዘልኝ። ወርጄ አቀፍኳት። እሷ ግን መጀመሪያ የአየር መለኪያዋን አሳየችኝ፤ ሩብ አይሞላም። እኔ ሽቅብ ልበር ስል ቀበቶዬን ጨብጣ፣ ሰውነታችን የተጠራቀመበትን አየር እስኪያራግፍ፣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ አቆመችኝ። ሦስቱንም ደቂቃ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እንደ ሕፃን። እኔን ነው እንደ ሕፃን ያልኩህ።

ጀልባው ላይ ስንወጣ ጋሽ ሞተር ጎንበስ ብለው በመፍቻ አንድ ነገር ያጠብቃሉ። «ቶሎ ወጣችሁ፤ ምነው?» አሉ። ያን ሁሉ ድብደባ አልሰሙም። ጠብታ አስመለሳት፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ቀና ስትል እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ ያ ኳኳታ ባይኖር አብድ ነበር።»

«ውሃ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም እኮ። እንዴት ረዳሽ?»

«ከየት እንደሆነማ አልለየሁትም። ግን እንዳልሄድሽ አወቅኩ።»

ፎጣ አለበስኳት። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱም ለጓደኞቿም የምታወራው ይህንን ነው። «እማዬ ናት ያወጣችኝ። ደጅ ቆማ ስትጠራኝ ነበር።» ሰዎቹ ዞረው ያዩኛል፤ እኔ ፈገግ እላለሁ። አንዷ ጎረቤቴማ ግንባሬን ሳመችኝ። ፊቴ የተላጠ ያህል አቃጠለኝ።

አሁን ደግሞ አንድ የቆየ ነገር። የሰመጠውን መርከብ ልናይ የሄድን ቀን፣ ጠብታ አራት ዓመቷ ነበር፣ በሩ ጋ ስንደርስ ጆሮዬን አመመኝ ብዬ መመለሴን ታስታውሳለህ? አንተም የመጣህበትን ሳታይ ተከትለኸኝ ወጣህ። ሳምንት ሙሉ የጆሮ መድኃኒት ጨመርክልኝ። ጆሮዬን አላመመኝም ነበር። የመርከቡ በር ጥቁር ነበር፤ ፈራሁ፣ ያ ብቻ ነው። ሳሎንን እንዲያ መውደድ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። «አንድ ድንጋይ ከኔ በለጠብሽ» ብለህ ሻንጣህን ስታነሳ እንኳ «ፈርቼ ነው» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ግትር ናት ብለህ ብትሄድ፣ ፈሪ ናት ብለህ ከምትቆይ የሚሻለኝ መስሎኝ። አራት ዓመት ሆነው። አልተሻለኝም።

ይህን ስላልኩህ ደግሞ ልክ ነበርኩ ብለህ እንዳትኮፈስ። ያንተ ጉድጓድ የባሰ ያስፈራኛል። ጠዋት ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ ፎቶው ፊት ለፊቴ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር በየቀኑ የሚሰፋ ይመስለኛል። መቶ ጊዜ የገባሁበት ቦታ ሲፈርስ ካላወቅኩ፣ ማንም ያልገባበትን አንተ በምን ታውቀዋለህ? ንገረኝ እስኪ። ወይም አትንገረኝ፤ ብትነግረኝም አላምንህም።

ቢሆንም ትመጣለች። እሺ ብያታለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ረፋድ ላይ ትደርሳለች፤ ይህ ደብዳቤ ቀድሟት እንዲደርስ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ። መተንፈሻዋን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። አፌ ውስጥ ከትቼ ስላልሞከርኩት አንተ ሞክርልኝ። ባትሪ ለየራሳችሁ ሁለት ሁለት ያዙ። ያለ ገመድ አንድ ክንድ እንኳ እንዳትገቡ። ስትገቡም አንተ ከኋላዋ ሁን፤ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ። እግሯን ከያዝክ ደግሞ አትልቀቅ።

አልነገርኳትም። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ ልናገር አፌን እከፍታለሁ፣ «ካልሲ ያዝሽ?» እላታለሁ። እስካሁን ስለ ካልሲ ስድስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። አንተ እንዳትነግራት። ከመሳፈሯ በፊት እኔው እነግራታለሁ፤ መንገድ ላይ ብታለቅስም፣ ብትጠላኝም፣ ከኔው አፍ ትስማው።

ከአውሮፕላን ወርዳ ገና ሳትቀመጥ «አባዬ፣ እማዬ እንዴት እንዳወጣችኝ ልንገርህ» ብላ ከጀመረች ግን፣ እንዳልቻልኩ ዕወቅ። ያን ጊዜ ፊትህ ላይ ምንም ሳይነበብብህ እስከ መጨረሻው ስማት።

ላይኛው ጌታ ከበላያችሁም ከበታቻችሁም ይሁን። የምትወርዱበት ውሃ ሁለታችሁንም ይመልስልኝ።

የጠብታ እናት