በኮሚቴው ፊት የተናገርሁት

ባሕር ዳር
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ሂሻም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለኛል። በስልክ እንዳልነግርህ ገና «እንዴት ነህ» ሳልልህ «አባባ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ትለኛለህ። አዲስ አበባ ለሰው ንግግር የምታስተምር ልጅ አባትህን ለመስማት ጊዜ ማጣትህ ያስቀኛል። አትቆጣ፣ መቀለዴ ነው።

የምጽፍልህ ስለ ጀልባ መሥሪያ ቦታዬ ነው። የቀበሌው ኮሚቴ ቦታውን ለመዝናኛ ሊሰጠው እንዳሰበ፣ እኔም ቀርቤ እንዳስረዳ መጠራቴን ነግሬህ ነበር። ያኔ የመከርኸኝን አልረሳሁም፤ «አባባ፣ ቁጥር አያብዙ፤ በታሪክ ይጀምሩ፤ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ይናገሩ፤ ቀደም ብለው ይለማመዱ» አልኸኝ። እሺ ብዬ ተለማመድሁ። በማን ፊት እንደምለማመድ ግን አልነገርኸኝም። እናትህ ከሞተች ወዲህ እቤት ውስጥ የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ተደፍቶ ለተቀመጠው ጀልባ «የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት» እያልሁ እጄን አወራጭ ጀመር።

ጎረቤታችን ሱምያ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ቀስ ብላ ቀረበች። «የሂሻም አባት፣ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?» አለችኝ።

«ከኮሚቴው ጋር» አልኋት።

ፈጠን ብላ ሄደች። አመሻሹ ላይ ሸህ ነስረዲንን ይዛ መጣች፤ ጂን ለክፎታል ብላ ቁርኣን ሊቀሩብኝ! ነገሩን ስነግራቸው ሸሁ ሳቁ፣ እሷም አፍራ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሲሄዱ ግን ሆድ ባሰኝ። ለካ ሲያዩኝ ብቻውን የሚያወራ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

የስብሰባው ዕለት እንዳልኸኝ የሰብሳቢውን የገብረ ክርስቶስን ዓይን ትክ ብዬ እያየሁ ጀመርሁ። ትንሽ ታገሠና «ጋሼ ቡርሀን፣ ምን አስቀየምሁዎ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ደንግጬ ዓይኔን ሰበር አድርጌ ታሪኬን ቀጠልሁ፤ አባቴ ከሐይቁ ዳር ደንገል ታንኳ ሲያስር፣ እኔ ወደ እንጨት ጀልባ ስዞር፣ የገዳማቱ ቄሶች ሳይቀሩ በእጃችን ሥራ ሲሻገሩ። ደግሜ ደጋግሜ ያጠናሁት ነውና አንዲት ቃል አልሳትሁም። ግን አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ጸሐፊዋ ማህሌት ስልኳን ትነካካለች።

ስጨርስ ገብረ ክርስቶስ በአክብሮት ጠየቀኝ። «መልካም ነው። ግን እንግዲህ እርስዎም ደክመዋል። ከእርስዎ በኋላ ማን ይሠራበታል ብለን ነው ቦታውን የምናቆየው?»

ለዚህ አልተለማመድሁም ነበር። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

«ልጄ ይመጣል» አልሁ። «ሳንቃ ሲያጎብጡ አንድ ሰው በዚያ በኩል ይዞ መቆም አለበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ያን ጫፍ የሚይዝልኝ እሱ ነበር። ከሄደ ወዲህ የጀመርሁት ጀልባ ግማሹ ላይ ቆሟል። ሰው መቅጠር አቅቶኝ አይደለም። ሌላ ሰው ከያዘው፣ እሱ የሚመጣ አይመስለኝም።»

ከዚህ በኋላ ስልክ የነካካ የለም። ማህሌት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ የእሷም ወንድም ሄዶ የቀረ ነው አሉ። ሰዓቱን ሲያይ የነበረው ሰውዬ ራሱ «ልጁ እስኪመጣ ቦታው አይነካ» አለ፤ ሁሉም ተስማሙ። ገብረ ክርስቶስ እስከ በር ሸኘኝና «ሲመጣ ይዘውት ይምጡ፣ እናየዋለን» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ትመጣለህ ብሎ ያምናል። ሱምያ ባገኘችኝ ቁጥር «መቼ ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «በቅርቡ» እላታለሁ። እዚያ ሥራህ ጥሩ እንደሆነ፣ ልጆችህም ትምህርታቸውን እንደያዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ና ብዬ አላስጨንቅህም። አላህ በሄድህበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ቤትህን የሰላም ቤት ያድርገው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ያን ቀን ስናገር የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። ዋሽቼ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ ለእኔ ብቻ ንገረኝ።

አባትህ
ቡርሀን