ከጣሪያው የገባው ውሃ

ልጄ፣

የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ ያ ጨለማ የነበረው ደረጃችንም አምፖል ገብቶለታል።

የመኪናችን የጣሪያ መስታወት ውሃ ማስገባት ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው። አባትሽ ሳይዘጋው እየወረደ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ቀን እየጠቀስኩም ደጋግሜ ነገርኩት። በመጨረሻ «መርሳት ጀምሬያለሁ ማለት ነው» ብሎ ቁልፉን አስረከበኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

ትናንት መካኒኩ በመስታወቱ ዙሪያ ውሃ እያፈሰሰ አሳየኝ። የሚገባውን ውሃ ወደ ውጭ የሚያወርዱ አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለቱ በሲሊኮን ማጣበቂያ ተደፍነዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

«ማዘር፣ ማነው እንዲህ አሳምሮ የደፈነው?» አለኝ።

ገና ማፍሰስ ሳትጀምር፣ መኪናዋን ሳጸዳ ውሃ ያስገባሉ ብዬ በጥንቃቄ የደፈንኳቸው እኔው ነኝ።

ቁልፉን ይዤ ይቅርታ ልጠይቀው ገባሁ። እሱ ግን «ተይው ባክሽ፤ ክፍት ትቼው መውረዴ ለራሴም ትዝ ይለኛል» ብሎ ቁልፉን መለሰልኝ። ቀኑንም ነገረኝ። ያን ቀን ግን መኪናዋን ይዤ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ከእፍረት ሊያድነኝ ይሁን፣ ወይስ ደጋግሜ ስለነገርኩት እውነት መስሎት፣ መለየት አቃተኝ። ፊቱን ባየውም አልገባኝም፤ ብጠይቀውም ይስቃል።

እሁድ ስትደውዪ እንደ ዋዛ አድርገሽ ስለ መኪናዋ ጠይቂው። ለአንቺ ዋሽቶ አያውቅም። የመለሰልሽን፣ ምንም ቢሆን፣ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።

ክፉ አይይሽ፤ ደጉን ሁሉ ያሳይሽ።

እናትሽ