የጌንጂሮ ከበሮ እንዳይዘል

ጁላይ 29፣ እሑድ

ሙቀቱስ! ሐብሐብ በላሁ፣ ተኛሁ፣ ተነሥቼ ደግሞ በላሁ። ከሰዓት የሰፈር ስብሰባ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ኢዋሴ ተነሥቶ፣ “ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሥራ እገባለሁ፣ በጊዜ መተኛት አለብኝ፣ የሙታን በዓሉ ጭፈራ ዘንድሮ ይቅርልኝ” አለ። እውነቱን ነው እኮ። ድምፅ ማጉያው መስኮቱ ሥር ነው የሚቆመው።

እማማ ታኤ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። አርባ ዓመት ከበሯችንን የመቱልን ባላቸው ጌንጂሮ ያረፉት በማርች ነው። ነፍሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤት የምትመለስበት በዓል ይሄ ነው። ታዲያ ያለ ጭፈራ ይሸኟቸው?

አፌ መቼም አያርፍ። “ሁላችንም ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ሰክተን ብንጨፍርስ? ጋሽ ጌንጂሮ ሲመቱ የተቀዳ ሲዲ አለ አይደል?” መጽሔት ላይ ስለምጽፍ የማውቅ ይመስላቸዋል... ተስማሙ።

ኦገስት 4፣ ቅዳሜ

ከየልጆቹ መሳቢያ አርባ ሁለት የእጅ ሲዲ ማጫወቻ ተለቀመ፤ ሲዲውም ለሁሉም ተባዛ። ጎረቤቴ የልጇን ስትከፍት የፍቅር ደብዳቤ አገኘች። ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ደብዳቤው ግን ከሚስቱ አይደለም! አልጽፈውም። (አሁን ጻፍኩት።)

ኦገስት 7፣ ማክሰኞ

ልምምድ። የጭፈራው መሪ የእጅ ማራገቢያውን ዝቅ ሲያደርግ ሁላችንም እኩል ቁልፍ ተጫንን። ሁለት ዘፈን ሸጋ ሆነ። ሦስተኛው ላይ እግር አንሥቶ መዝለል አለ... በቃ፣ ማጫወቻዎቹም አብረው ዘለሉ፣ ዘፈኑ ተቆራረጠ። አንዱ ሲያጨበጭብ አንዱ ዞረ። የሰፈሩ ዓሣ ሻጭ ጎረቤቴን ረገጣት፣ እሷም በማራገቢያ ጭንቅላቱን አለችው።

እማማ ታኤ ማዳመጫቸውን ነቀሉ። “ጌንጂሮ በአርባ ዓመት አንዲት ምት ስቶ አያውቅም። ይሄ ሣጥን ተብታባ አደረገው!”

ሐሳቡ ደግሞ የኔ ነው።

ኦገስት 9፣ ሐሙስ

እንዳይዘል የሚያደርግ ማብሪያ አለው ለካ! ሲበራ ማጫወቻው ዘፈኑን ቀደም ብሎ አንብቦ ይይዛል። ብትንገላታ፣ ብትወዛወዝ ከያዘው ላይ ያሰማሃል። ግን ባትሪ ይበላል፤ አበላሉም እንደ ሠርግ ተጋባዥ ነው።

እማማ ታኤ የባላቸውን አሮጌ ማጫወቻ ካልሆነ አልይዝም ብለዋል። ባትሪው እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ ነው። ትርፍ ባትሪ ሲጠይቁ ባለ ሱቁ “ሦስት ሳምንት ይጠብቁ” አላቸው። ስንሞክረው ማብሪያው ጠፍቶ ሁለት ሰዓት፣ በርቶ ሃምሳ ደቂቃ። ሲዲው ሰባ ደቂቃ ነው። የነፍስ መሸኛው ዘፈን ደግሞ የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ነው!

“ያጥፉት እማማ፣ ትንሽ ቢዘል ምን አለበት?”

“ባልሽ ሲንተባተብብሽ ደስ ይልሻል?”

“ባል የለኝም።”

“ለዚህ ነዋ!”

አላጠፉትም።

ኦገስት 12፣ እሑድ

ለመጽሔቱ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ባትሪ ሲሞላ ሳይ ዋልኩ።

ኦገስት 15፣ ረቡዕ

ምሽቱን ጨፈርን። የእንጨት ጫማችን ብቻ ነው የሚሰማው። የኢዋሴ መስኮት ጨለማ። ተኝቷል ማለት ነው።

እማማ ታኤ ከፊቴ ነበሩ። የመሸኛው ዘፈን ሊጀምር ሲል እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አለቀ... ባትሪ ቢቀይሩስ? ሌላ ባትሪ የላቸውም። ቢኖራቸውም ሲዲው ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ሰዉ ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደርሷል።

ማዳመጫዬን ነቅዬ ሁለቱንም ጆሯቸው ላይ ሰካሁ። ከዚያ ነው ያስታወስኩት፤ የኔ ማብሪያ ጠፍቷል! የባትሪው መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ ነው፣ ባበራው እዚያው ይሞታል። እንደጠፋ ከሄደ ደግሞ ይዘላል።

ምን አደረግሁ? ማጫወቻውን መዳፌ ላይ አጋደምኩና፣ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ የሞላ ሾርባ እንደያዘ አስተናጋጅ ከጎናቸው እየተንሸራተትኩ ሄድኩ። እግሬ ብቻ ይሄዳል። ሲዞሩ ገመዱ እንዳይነቀል አብሬ እዞራለሁ። እኔ ምንም አይሰማኝም። ይዝለል፣ ይሙት፣ በምን አውቃለሁ? ፊታቸውን ብቻ አያለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዓሣ ሻጩ “ሂሳብ አምጪልኝ!” አለኝ በሹክሹክታ። ላብ አፍንጫዬ ላይ ተንጠለጠለ፣ አልጠረግሁም...

ሰዉ ሁሉ ሲቆም ቆምኩ።

“እማማ... ዘለለ?”

ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወጡ። “ጭፈራሽ ያስጠላል።”

“ዘለለ ወይ?”

“አንዴም!” አሉና ላቤን ልጠርግበት ያወጣሁትን መሐረብ ከእጄ ነጥቀው ፊታቸውን ጠረጉበት። ላቡ የኔ ነበር እኮ!

ኦገስት 18፣ ቅዳሜ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከእማማ ታኤ ግቢ ድም... ድም። ሮጥኩ። የጌንጂሮን ዱላዎች ይዘው ከበሮው ፊት ቆመዋል። ኢዋሴ ከሥራ መልስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል።

“ለከርሞ የምመታው እኔ ነኝ፤ ድምፅ ማጉያም አያስፈልግም” አሉኝ። “እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተፈቅዶልኛል።”

“አንድ ሰዓት ከሩብ ብያለሁ” አለ ኢዋሴ አፉን ሞልቶ።

ጀመሩ። አንድ ዘፈን ሳይጨርሱ ሦስቴ ምቱን ሳቱ። ሳቄ አመለጠኝ።

“ምን ያስቅሻል? የማይዘለው እሱ ነበር። እኔ እዘላለሁ። ልመጂው!”