ወደ ኋላ ስለ ወጣኋቸው ዳገቶችና ስላልተሰጠኝ የቤንዚን ፓምፕ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ፈንታው
የመለዋወጫ ዕቃዎች ዕደላ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ፣ ወንበርዎም እንደ ድሮው ተመችቶዎት እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከአንገቴ በቀር ደህና ነኝ። አንገቴ ከደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ወደ ቀኝ ትከሻዬ እንደ ዞረ ስለ ቀረ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ወረቀቱን ከጎኔ አስቀምጬ ነውና የፊደሎቹን መንጋደድ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ቀደም ሲል የላክኋቸው ማመልከቻዎች በመዝገብ ቤትዎ በሰላም ማረፋቸውን ስለ ተረዳሁ፣ የእነሱን ዕረፍት ላለመረበሽ ይህኛውን ግልጽ አድርጌ ግልባጩን በምሠራበት ወፍጮ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የሚችል እህሉ እስኪፈጭለት ያነብበዋል፤ የማይችልም የሚያነብለት አያጣም።

ምናልባት ዘንግተውኝ ይሆናልና ራሴን ላስታውስዎ። እኔ የቄስ ኃይለ ማርያም ልጅ አካሉ፣ የወፍጮ መካኒክና የቀይዋ መኪና ባለቤት ነኝ። መኪናዋ በደጉ ዘመኗ ለእሽቅድምድም የተሰናዳች ነበረች ይባላል፤ እኔ እጅ ስትገባ ግን ዶሮዎች ያድሩባት ነበር። ዶሮዎቹን አስወጥቼ የሞተሯን ክዳን ቴስታታዋን በሞረድ ፋቅሁላት፣ ቤንዚን ከአየር የሚቀላቅል ሁለተኛ ካርቡራተር ጨመርኩላት፣ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታም ከፈትኩና ድምፅዋን ከደብራችን ደወል በላይ አደረግሁት። ዛሬ በአውራጃችን ሁለት ካርቡራተር ያላት ብቸኛ መኪና እሷ ናት። ሁለት ካርቡራተር የሚጠይቅ ጉዳይ በአውራጃችን እንደሌለ የነገሩኝ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉንም በምቀኝነት ጠርጥሬአቸዋለሁ።

ለእነዚህ ለሁለቱ አፎቿ ከኋላ ካለው ጋን ቤንዚን እየሳበ የሚያቀብላት አንድ ፓምፕ ብቻ ነበራት፤ እሱም ደከመ። ስፈታው በውስጡ ከፍ ዝቅ እያለች ቤንዚኑን የምትገፋው ስስ ጎማ ተሰንጥቃ አገኘኋት። እንዲህ ያለችው ጎማ ከነፓምፗ ካልሆነ ለብቻዋ አትገኝም፤ ፓምፑም ያለ እርስዎ ፊርማ ከመጋዘን አይወጣም። እኔ ግን አዋቂ ነኝና ከአባቴ የዳዊት ማኅደር ክዳን ላይ ክብ ቆዳ ቆርጬ በጎማዋ ቦታ ገጠምኩት። አባቴ በሕይወት ቢኖር ምን ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ እናቴ በሕይወት ስላለች ያለችኝን ሰምቻለሁ። ቆዳው በሜዳ ላይ ደህና ይሠራል፣ ዳገት ሲያይ ግን ልቡ ይከዳዋል። ስለዚህም አዲስ ፓምፕ እንዲፈቀድልኝ አመለከትኩ።

በዚህ ጉዳይ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ለማመልከቻዬ ለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። «የፓምፑ መድከም በባለሙያ ይረጋገጥ ዘንድ ተሽከርካሪዋ በራሷ ኃይል ደሴ ቀርባ ትታይ» ብለው ጽፈውልኛል። ጎትተን እናምጣት እንዳንል ደግሞ፣ ተጎትታ የመጣች መኪና ከአገልግሎት ውጭ እንደሆነች ስለሚቆጠር መለዋወጫ እንደማይፈቀድላት ከታች አክለዋል። ሁለቱን አንቀጾች ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ በመካከላቸው መኪና ቀርቶ ብስክሌት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን የዓይን ሞራ የሚገፍ ሐኪም ለጥቂት ቀናት ብቻ ደሴ እንደሚመጣ ተሰማ። እናቴ ወይዘሮ በለጥሻቸው አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውንም ሞራ ሸፍኖት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ከመለየት ደርሳ ነበር። ሐኪሙ ካመለጠን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የከተማችን አውቶቡስ ደግሞ ሕዝብ ወደ ሰልፍ እንዲያመላልስ ተወስዷል፤ ይህ የእርስዎ ሥራ ስላልሆነ ከምስጋናው አላስገባሁትም። እኔ ለዓመታት «መኪናዬ» ስል የኖርኩት ሰውዬ በዚያን ቀን ምን ማለት ነበረብኝ? «እንደ ነፋስ አደርስሻለሁ» አልኳት። እርስዎም ፓምፑን፣ ሐኪሙም ዓይኗን በአንድ ጉዞ እንድታዩልን ተስፋ አድርጌ በማለዳ ተነሣን።

ነፋሱ የቆመው በመጀመሪያው ዳገት ላይ ነው። መኪናዬ ሳለች፣ አነከሰች፣ ከዚያም ቀጥ አለች። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። በዚህች መኪና ምክንያት የደረሰብኝን ቀልድ ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ፤ የእናቴ ዓይን ግን ቀልድ አልነበረም። ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤት ልመልሳት የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩ። መንገዱ ጠባብ ነውና ለመታጠፍ የኋላ ማርሽ አስገብቼ ትንሽ ወደ ዳገቱ ሳስጠጋት ሞተሩ አገሳ። አቁሜ አሰብኩ፣ እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና አገሳ። ለካ ጀርባዋን ለዳገቱ ስትሰጥ የቤንዚኑ ጋን ከሞተሩ ከፍ ይላል፤ ቤንዚኑም ማንንም ደጅ ሳይጠና በራሱ ይወርዳል። እንግዲህ ሜዳውንና ቁልቁለቱን ወደ ፊት፣ ዳገቱን ሁሉ ወደ ኋላ ለመሄድ ወሰንኩ። በአገራችን ምን ያህል ዳገት እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እናቴ ብርሃን ትለያለች ብያለሁ። የጧት ፀሐይ ከፊታችን ነበረች፤ ስዞር ከጀርባችን ሆነች። «ልጄ፣ ፀሐይዋ ወደ ኋላዬ ሄደችብኝ፤ ተመለስን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መንገዱ ጠምዛዛ ነው አልኳት። ድምፄን መርምራ ይሆናል፣ «አብሽር፣ የሆነው ይሁን፤ ብቻ አድርሰኝ» አለችኝ።

አቀስታ ገበያ የሚሄድ ብዙነህ የሚባል ገበሬ በበቅሎው ደረሰብን። አንገቴን አዙሬ መሪውን እንደ ጨበጥኩ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ተጓዝን። ጨዋ ሰው ነውና እንዳፍር አልፈለገም፤ «የረሳችሁት ዕቃ አለ እንዴ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝና ሰላምታ ሰጥቶኝ አልፎኝ ሄደ። የእሽቅድምድም መኪናዬን በውድድር ያሸነፈቻት የመጀመሪያዋ በቅሎ የእሱ ናት። አቀስታ ስንገባም መግቢያው ዳገት ስለነበር በጀርባችን ገባን፤ ያዩን ሰዎች የምንሰናበት መስሏቸው እጃቸውን እያወዛወዙ በደህና ግቡ አሉን።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለባለሙያዎ ነው። ይሁንና እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ካልተናገርኩ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ከጉጉፍቱ ደጋ ብርድ ወደ ደሴ መንገዱ ቁልቁለት ነው። መኪናዬ እንደ ደህና ሰው ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ስትወርድ እኔም የቀኑን ውርደት ሁሉ ረሳሁት። እናቴን ሆስፒታል አስገብቼ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ከደጃፉ ብዙ ሰው ቆሞ አየሁ። ልባም ሰው ቢሆን ኖሮ መኪናውን እያሳለ፣ እያስነከሰ፣ ታማሚ አስመስሎ ያስገባ ነበር። እኔ ግን የሰዉን ዓይን ሳይ መቼ አስችሎኝ! በሩ ላይ ነዳጁን ረግጬ ሞተሯን አስጮህኳት፤ የመስኮቶችዎ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ባለሙያውም ከነሻይ ብርጭቆው ወጣ። ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት «የዚህች ፓምፕ ከእኛ መኪና ፓምፕ ይሻላል» አለኝ።

ዳገቱን ሁሉ ወደ ኋላ እንደ ወጣሁ አስረዳሁት። ወደ ኋላ ለመምጣቴ ማስረጃ ጠየቀኝ። አንገቴን አሳየሁት፤ አንገት በመመሪያው ላይ እንዳልተጠቀሰ ነገረኝ። ፓምፑን ፈትቼ የማኅደሩን ቆዳ ላሳየው ብል ደግሞ ቆዳ የእርሻ መሥሪያ ቤትን እንጂ የእነሱን ጽሕፈት ቤት እንደማይመለከት ገለጸልኝ። ከዚያ ጻፈ፣ እርስዎም ፈረሙ፦ «ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ በራሷ ኃይል የደረሰች ስለሆነ ፓምፑ የሚሠራ መሆኑ ተረጋግጧል።» የእኔን መኪና እንዲህ ያሞገሰ ወረቀት ከዚያ በፊት አግኝቼ ስለማላውቅ፣ አልዋሽዎትም፣ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

አራተኛ፦ ሦስተኛውን ለእናቴ አቆይቼዋለሁና አራተኛውን ላስቀድም። ይግባኝ የማቀርብበትን መንገድ ስላመለከቱኝ አመሰግናለሁ። ይግባኙ የሚታየው መኪናዋ በራሷ ኃይል ዳግመኛ ደሴ ስትቀርብ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና ይኸው ነው። የእናቴ ሞራ ተገፈፈ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ አጠገቧ ነበርኩ፤ ወፍራም መነጽር አድርጋ ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችኝና «አርጅተሃል» አለችኝ። አለቀስኩ፤ ይህን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ መጻፌ ምንም አላሳፈረኝም።

ስንመለስ ከደሴ መውጫው ዳገት ነውና እንደ ልማዴ መኪናዋን አዞርኳት። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ከተማው ከፊቷ እያነሰ ሲሄድ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ባሕር ዛፉ፣ ሰዉ ሁሉ ሲርቅ አየችና «የመጣነውም እንዲህ ሆነን ነው?» አለች። አዎን አልኳት። «ነፋስ ያልከኝ ይህችን ነው?» አዎን አልኳት። ሐኪሙ ዓይኗን ከእንባ እንድትጠብቅ አደራ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያም መነጽሯን ጠርጋ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የሚሄድ ሰው ጥሎት የሚያልፈውን ይህን ሁሉ እሷ ተመቻችታ እያየችው እንደሆነ ነገረችኝ። ክቡርነትዎ ፓምፑን ፈቅደውልኝ ቢሆን ኖሮ እናቴ ያን ዕለት ያየችው ከፊታችን ያለውን አቧራ ብቻ ነበር። ለዚህኛው ምስጋናዬ ከልቤ ነው፤ ሌሎቹን እንደሚገባቸው ይረዱልኝ።

መኪናዬ አሁንም ሥራ ላይ ናት። ቆዳው ሲደርቅ በዘይት አርሰዋለሁ፤ ሲያልቅም ከማኅደሩ ክዳን ለአንድ ጊዜ የሚሆን ተርፎኛል። እናቴ አሁን ስለምታይ ግን መቀሱን ደብቃዋለች።

ሁለት ካርቡራተርና ሩብ ማኅደር ካለው፣ አንድም ፓምፕ ከሌለው፣ የሚያልፈውን ሁሉ በጎኑ ከሚያይ ታዛዥዎ፣ ከማይቃና አንገት ከሚቀርብ የአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አካሉ ኃይለ ማርያም

ግልባጭ፦
ለአቶ ብዙነህ በቅሎ
መካነ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ አነበብኩላት። ፓምፑ ደህና ነው ብለው መፈረምዎን ስትሰማ እንደኔ አልተቆጣችም። «ምስኪን፣ እሱንም ሞራ ይዞት ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ» ብላ ከልቧ አዘነችልዎ፤ ሐኪሙ ሲመለስ ወስጄ እንዳሳይዎትም አስማለችኝ። ሆስፒታሉ ከቢሮዎ ቁልቁል ስለሆነ ሲሄዱ በክብር ወደ ፊት አደርስዎታለሁ። ሲመለሱ ዳገት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ወደ የት እንደምንሄድ ራስዎ ያዩታል።