መኪናዋ አንቺን ጠልታ አልነበረም

ውድ አበልጄ ኦቱሊያ፣

ስልክ በደወልኩልሽ ቁጥር ስለ እህትሽ ዶሮዎችና ስለ ትላክስካላ ብርድ ታወሪኛለሽ። ወሬው ወደ መኪናዋ ሊዞር ሲል «ድስቱ አረረብኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እዚያ ቤት ስንት ድስት እንዳረረ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ደብዳቤ ጆሮሽ ላይ አይዘጋም። ብትወረውሪውም ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ፣ አውቅሻለሁ።

ዋናውን ነገር ከፊት ላድርገው፤ የዚያን ቀን ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ላጽናናሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ማጽናናትማ ያኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁን ግን ምክንያቱን በገዛ እጄ አገኘሁት። ጣቶቼ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ።

ቮቿችንን ስንገዛ ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀብን ታስታውሻለሽ? ሁለት ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ አንዲት ያረጀች ቮልስ፣ የኋላ ወንበሯን አውልቀን የምንሸጠውን የበቆሎ ታማል ድስት የደረደርንባት። እዚህ ኳውቴፔክ ሰፈር ቮቾ የማያውቅ ሰው የለም። ሽቅቡን እንደ ፍየል የሚወጣው ሌላ መኪና የት አለና። የእኛዋም በሚገባ ትወጣ ነበር፤ ችግሩ አንቺ መሪ ስትይዢ ብቻ ነበር። እኔ ስነዳት ትሄዳለች። አንቺ ስትነጃት ግማሽ መንገድ ላይ ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች። ትንሽ ቆይተሽ ስትቀሰቅሻት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ከታች ጋራዡ በር ላይ የሚቀመጠው መካኒኩ ዶን ቻኖ «ዶኛ ኦቱሊያ፣ መኪናዋ አንቺን አትወድም። አበባ ግዢላት!» እያለ ሰውን ሲያስቅብሽ አብረሽ ትስቂ ነበር። ቤት ስንገባ ግን ሳቁ ከፊትሽ ይጠፋል።

ካርቡራተሩን ቀየርን፣ ካንዴላዎቹን ቀየርን፣ የቤንዚን ፖምፓውንም ቀየርን። ዶን ቻኖ ጋ ስንወስዳት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። «ምንም የላትም» ይለናል። እውነቱን ነው፤ እሱ ባየበት ሰዓት ምንም አልነበራትም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። አንቺ ስታስቢው «ለቀቅኳት» በምትል አንዲት ቃል ታሳጥሪዋለሽ። እኔ ግን ሙሉውን አብራሽ ከነበረችው ልጄ ከያዲራ ሰምቼዋለሁና ሙሉውን ልመልስልሽ። የበቆሎ ዱቄቱን ጭነሽ ከገበያ ስትመለሺ ሽቅቡ ላይ፣ የበቆሎ ቂጣ የሚጋገርበት ቶርቲያ ቤቱ አጠገብ ሞተሩ ጠፋ። በእግርሽ ፍሬን ያዝሽ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጅሽ ሳብሽ። ልጄን «የኔ እመቤት፣ ንቅንቅ እንዳትይ» አልሻትና ለጎማው ድንጋይ ልታደርጊ ወረድሽ። ድንጋዩን አንስተሽ ቀና ስትዪ መኪናዋ ከነያዲራ ወደ ኋላ ሄደች። አንድ እግርሽ ጫማ ሳይኖረው፣ ድንጋዩን እንዳቀፍሽ፣ እየጮኽሽ ተከተልሻት። የቶርቲያ ቤቱ ግድግዳ ባይይዛት ኖሮ የት እንደምትቆም ሁለታችንም እናውቃለን።

የያዲራ ክንድ ተሰበረ፣ ተጠገነ። አሁን በዚያው ክንዷ የዱቄት ከረጢት ታነሳለች። ያንቺ ስብራት ግን አልጠገነም። «ከእንግዲህ መሪ አልይዝም፣ የክርስትና ልጄን ልገድላት ነበር» አልሽና ሻንጣሽን ይዘሽ እህትሽ ጋ ሄድሽ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ስሸኝሽ ቀና ብለሽ አላየሽኝም።

ከሄድሽ በኋላ መኪናዋን ብቻዬን ነዳኋት። ይኸውልሽ ኦቱሊያ፣ ያሳመመኝ ይሄ ነው፤ አንድም ቀን አልቆመችም። ሰዉም ይህን አየ። «አላልንም? ሴትዮዋ ደንግጣ ነው» አሉ። ዶን ቻኖም ከአደጋው በኋላ የእጅ ፍሬኑን አጠባበቀና «እስከ መጨረሻው አልሳበችውም» ብሎ ፈረደ። ያዲራ ብቻዋን «በሁለት እጇ ስትስበው አይቻለሁ!» እያለች ስትሟገት፣ «ልጅ ነሽ፣ ፈርተሽ ነበር» ይሏታል። አንቺን አምንሻለሁ፤ መኪናዋ ግን በየቀኑ ሽቅቡን እየወጣች ታሳጣኝ ነበር።

በቀደም ቤንዚን ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ተነሳና ሰው ሁሉ ማደያው ላይ ተሰለፈ። እኔ መቼም ታውቂኛለሽ፤ ለዕለቱ የምትበቃዋን ጠብ አድርጌ ነው የምሄደው። የዚያን ቀን ግን ወረፋው አስፈራኝና የቤንዚን ሰልባቶውን እስከ አፉ አስሞላሁት። ከያዲራ ጋር ገበያ ደርሰን ስንመለስ ቶርቲያ ቤቱን አለፍ ብለን መንተፋተፍ ጀመረች። ከዚያ ጸጥ።

መሪውን ወደ ድንጋዩ ጠርዝ አዙሬ በማርሽ አስቆምኳት። ወደ ያዲራ ብዞር ፊቷ አመድ መስሏል። «እማ! ልክ እንደዚያን ቀን ነው! ድምፁ ራሱ! ብያቸው አልነበር?» አለችና ታለቅስ ጀመር። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። ከኋላ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ የሚኒባሱ ሹፌር «ሴትዮ፣ እዚያው ልታድሪ ነው?» ይላል፣ እኔ መሪውን ይዤ እስቃለሁ። በዕድሜዬ ሞተር ጠፍቶብኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በእኔም ላይ ቆመች!

ከዚያ አሰብኩ። ዛሬ ምን የተለየ ነገር አደረግሁ? መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ ሹፌሯ ያቺው። የተለየው ቤንዚኑ ብቻ ነው። ወረድኩና የሰልባቶውን ክዳን ፈታሁት። ኦቱሊያ፣ ብትሰሚው! ውሃ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ሰው ብቅ ሲል አየር እንደሚስበው፣ ረጅም «ህእእስ» አለ። ክዳኑን ላላ አድርጌ መልሼ ስቀሰቅሳት ወዲያው ተነሳች።

ያዲራ ሕፃን ሳለች ጡጦዋ የሚያደርገውን አስታውሺ። አንቺ ነበርሽ የምታጠጫት። አየር ካልገባበት ወተቱ ሞልቶ እያለ መምጣት እምቢ ይላል፣ እሷም ትጮሃለች። የቤንዚኑም ነገር እንደዚያ ነው። በወጣው ቤንዚን ፋንታ አየር ካልገባ ፖምፓው ቢስብ ቢስብ ምንም አይመጣለትም። ቆም ካልሽ አየሩ በስንጥቅ ቀስ እያለ ይገባና ሞተሩ ይነሳል፣ ዶን ቻኖም «ምንም የላትም» ይላል። ሰልባቶው ጎደል ሲል ውስጡ ብዙ አየር ስላለ ቶሎ አይታፈንም። ጢም ሲል ነው ፈጥኖ የሚታፈነው። ጢም አድርጋ የምትሞላው ማን ነበረች? «መንገድ ላይ እንዳንቀር» እያልሽ ሁልጊዜ የምትሞይው አንቺ! መኪናዋ አንቺን ጠልታ አልነበረም። አንቺ ላይ የምትቆመው አንቺ ስለምትጠነቀቂ ነበር። እኔ ላይ የማትቆመው እኔ ግድ የለሽ ስለሆንኩ።

ዶን ቻኖ ጋ ሄጄ ስነግረው «ዶኛ ኤርሚኒያ፣ ካርቡራተሩ ነው። አምጪውና ልየው» አለኝ።

«ተቀይሯል እኮ።»

«እንግዲያው የተቀየረው ነው የተበላሸው።»

«ዶን ቻኖ፣ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ፣ እኔ አገኘዋለሁ» አልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከሰልባቶው አናት ተነስታ ወደ ታች የምትወርድ፣ አየር የምታስገባ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። ነቅዬ በአፌ ብነፋት ጉንጬ አበጠ እንጂ ምንም አልወጣም። ጫፏን በሽቦ ስጎረጉር ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ መጣ፣ ከጭቃው ጋር የተርብ ክንፍ። ጭቃ እየጠፈጠፈች ጎጆ የምትሠራዋ ተርብ የለችም? ቱቧችንን ቤት ብላ ገብታበት፣ በሩንም ደፍናው ኖሯል። ያዲራን ጠርቼ መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት። ብዙ አይታ «ለዚህች ነው ክርስትና እናቴ የሄደችው?» አለችኝ።

ግን እዚያ አላቆምኩም። መኪናዋ ለምን እንደቆመች አወቅሁ፣ ለምን ወደ ኋላ እንደሄደች ገና አላወቅሁም። በክሪክ አነሳኋትና የእጅ ፍሬኑን ሽቦዎች ከነሽፋናቸው አወጣኋቸው። አንደኛው ውስጥ ለውስጥ በዝገት ተበልቶ፣ ብዙው ክሩ ተበጣጥሶ፣ በጥቂት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። ሽፋኑ ሲታይ ደህና ነው፤ ያንን ከላይ አይቶ ማንም አያውቅም። ቦክሰኛ ቢስበውም ይይዝና ወዲያው ይለቃል። የቀረው አንዱ ብቻውን ያን ጭነት ሽቅብ ላይ አይችልም። አንቺ በትክክል ስበሽዋል። ያልያዘው እሱ ነው።

ሁለቱንም ሽቦ በአዲስ ቀየርኩ። የቱቦዋ ጫፍ ላይ ተርብ የማታልፍበት ወንፊት አሰርኩ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ እንደ ሻማ ይጨልም የነበረውን የፊት መብራት አዲስ ሽቦ ዘርግቼለት አሁን መንገዱን ወለል አድርጎ ያሳያል። የሹፌሩንም ወንበር ፈትቼ ከፍና ወደ ፊት ቀረብ አደረግሁት። ስትነጂ ጫፉ ላይ ተንጠልጥለሽ ፍሪሲዮኑን በጣትሽ ጫፍ የምትረግጪው ነገር ሁልጊዜ ያበሳጨኝ ነበር። አሁን እኔ ስቀመጥበት ጉልበቴ መሪውን ይነካል። ይሁን፣ ለእኔ አይደለም የሠራሁት።

እሁድ ዕለት ፈተንናት። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው ያዲራ መሪ ያዘች፣ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ፣ ከኋላ የዱቄት ከረጢቶች፣ ሰልባቶው እስከ አፉ። ክዳኑም ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ዶን ቻኖ ነገሩን ሰምቶ ቶርቲያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። «ከተንሸራተተች ለብረት ሸጣችሁልኝ ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ። ቶርቲያ ቤቱን አልፈን ወጣን፣ ሞተሩ አንዴም አልተንተፋተፈም። ከላይ ዞረን ተመለስንና እዚያው ቦታ ላይ ያዲራ ሆን ብላ አጠፋቻት። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። አንድ ጊዜ ተነፈሰችና በሩን ከፍታ ወረደች፣ እኔም ወረድኩ።

መኪናዋ ቆማለች። ሰዉ ቆሟል።

ዶን ቻኖ መጥቶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። በትከሻው ገፋት። ኮፍያውን አውልቆ ደግሞ ገፋት። ንቅንቅ የለም። የተበላውን ሽቦ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «ለአበልጅሽ ንገሪያት» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«አልሳበችውም ያልኩት… ልክ አልነበርኩም። አይ፣ ተይው። ስትመጣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ስሜን በደብዳቤ እንዳታነሺ።»

ይኸው አንስቼዋለሁ። ስትገናኙ አላነበብኩም በይው።

ኦቱሊያ፣ ያላልኩሽ ነገር አለ። ስትሄጂ ተቀይሜሽ ነበር። በልጄ ምክንያት አይደለም፤ ጥለሽኝ በመሄድሽ ነው። ሁለታችን ከባሎቻችን ቀብር ተነስተን የቆምነው ተደጋግፈን ነው፣ ከዚያ አንደኛዋ ድንገት ዞር ስትል ሌላዋ ትንገዳገዳለች። አልወደቅሁም፣ አትስጊ። እንዲያውም ከበፊቱ ጠንክሬያለሁ፣ መኪና የምጠግን ሴት ሆኛለሁ። ግን አረንጓዴው ስጎ እንዳንቺ አይወጣልኝም። ደንበኞቹ ከአፋቸው አድርሰው ቀና ብለው ያዩኛል፣ ያንቺን ስም ሳይጠሩ ይጠይቁኛል። ጠዋት ድስቶቹን ስንጭንም ያዲራ አንቺ ትቆሚበት የነበረውን ቦታ ባዶውን ትተወዋለች።

ስለዚህ እንመጣለን። ቅዳሜ ገበያው እንዳለቀ በሪዮ ፍሪዮ ተራራ በኩል ነው የምንወጣው። ያ ሽቅብ ከኛ ሽቅብ የበለጠ ረጅም ነው፣ እኔ ግን አንድም ስጋት የለኝም። የቮቾ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ታውቂያለሽ። ስትሰሚው ድስት አረረ ብለሽ ጓዳ እንዳትገቢ። ለእህትሽ ሰላም በያት፣ ምሳ እዚያ እንበላለን።

ስንመለስ የምትነጂው አንቺ ነሽ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ያዲራ ከጎንሽ እሷ እንደምትቀመጥ ከወዲሁ አስታውቃኛለች፣ ተከራክሬ አልቻልኳትም። እኔ ከኋላ ከባዶ ድስቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። እስከ ቤታችን በር ድረስ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ያ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የምትወድሽ አበልጅሽ
ኤርሚኒያ