ካሜራው ይጫን ወይስ ይቅር

ቶሮንቶ፣ ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ እናቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤዎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁልቁለቱ እንደሚያስቸግርዎት ጽፈውልኝ ነበር። ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ያፈስ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ፣ መቅደስና ልጆቹ፣ አምላክ ይመስገን፣ ለጤናችን ደህና ነን። መቅደስ እንደ ልማዷ ጉልበትዎን ሳምልኝ ብላለች።

ይህን ሁሉ ዓመት «አንቺ» እያልኩ ስጽፍልዎት ኖሬ ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ ግር ሳይልዎት አይቀርም። ምክንያቱ ጋ እስክደርስ ይታገሡኝ። እሱን ካስቀደምኩ ደብዳቤውን አልጨርሰውም። ከካሜራው ልጀምር።

ሰኞ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ሳምንት እረፍት እንወጣለን። ከዚህ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ ሐይቅ አለ፤ ዳሩ ላይ የእንጨት ቤት ተከራይተናል። ሃያ ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ በእንፋሎት ስታጠን ለኖርኩት ሰውዬ ደስታ መሆን ነበረበት። ምግቡ ተገዝቷል፣ ባሮክ የዓሣ መንጠቆ እንኳ ገዝቷል፣ ዓሣ አይቶ የሚያውቀው በሳህን ላይ ቢሆንም። ያልተወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቪዲዮ ካሜራው አብሮን ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለው። ሌላ ሰው በዚህ እንቅልፍ አያጣም። እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ካሜራውን የገዛሁት ጸዮን ክርስትና ስትነሣ ነው። ያኔ የትከሻ ሸክም የሚያህል ነበር፤ በኋላ በትንሽ ለወጥኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ካሜራ ያዥ ሆንኩ። ሠርግ ቢሉ፣ ልደት ቢሉ፣ ጥምቀት ቢሉ የምጠራው እኔ ነኝ። እዚህ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ፎቃችን ውስጥ «ሰብስቤ ካሜራ» ካላሉ ማንነቴ አይታወቅም። ሰዉ የቀረጻ ፍቅር ያለኝ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ካሜራ የያዘ ሰው ራሱ አይቀረጽም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ አርባ ሰባት ካሴት አለ፣ በአንዱም ፊቴ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ባሮክ በአምስት ዓመቱ ነጥቆኝ ጫማዬን ቀርጾታል።

አሁን ጸዮን ነቃችብኝ። ልጄ በመስከረም እርስዎን ለማየት ዳባት ትመጣለች። ይህን ለእርስዎ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ባዶ እጇን መምጣት አልፈለገችም። «ዳዲ፣ በዚህ ቫኬሽን ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ አንተ ጀስት ቁጭ ትላለህ» አለችኝ። ሐይቁን ከኋላዬ አድርጋ ልታስቀምጠኝ ነው። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የት እንደተወለድኩ፣ ልጅ ሆኜ ምን አጠፋ እንደነበር እንድናገር፤ ከዚያ በካሜራው በኩል ለእርስዎ ሰላምታ እንዳቀርብ ትፈልጋለች። እርስዎ ጎን ተቀምጣ ልታሳይዎት። ስልክሽ አይበቃም ወይ ብላት፣ የድሮ ካሜራ ሥዕል ልብ ይነካል አለች። የዛሬ ልጆች እኛ የጣልነውን ሁሉ ማንሣት ይወዳሉ።

ቻርጀሩን ደበቅኩት። ምድር ቤት ወዳለው የፎቁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወስጄ ከሳሙና ካርቶን ጀርባ አስገባሁት። የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ። ጸዮን ከሥራ በገባች ቁጥር «ቻርጀሩን ፋይንድ አደረግከው?» ትለኛለች፣ እኔም የለም እላለሁ። በአራተኛው ቀን አዲስ አዘዘች፣ በማግስቱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። መቅደስ እየሳቀች፣ እዚህ አገር የጠፋ ዕቃ እንኳ ጠፍቶ አይቀርም አለች። እኔ አልሳቅኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ ልናገር።

እናቴ፣ እኔ ሰብስቤ አይደለሁም። ስሜ ጸጋአብ ነው። ከሰብስቤ ጋር ጎንደር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን፣ በ1977 ዓ.ም. አብረን በእግራችን በመተማ በኩል ሱዳን የገባን ጓደኛው ነኝ። ገዳሪፍ መጠለያ ውስጥ አንድ ድንኳን ነበረን፣ አንድ ብርድ ልብስም ነበረን። ለካናዳ ሁለታችንም ተመዝግበን የእሱ ስም ወጣ፣ የእኔ ቀረ። ስሙ የወጣ ቀን ወባ ይዞት ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስም ጠሪው መጥቶ «ሰብስቤ» እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ። በሦስተኛው «አቤት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰብስቤ ለምን «አቤት» እንዳላለ በወረቀት ላይ አልጽፈውም። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር የተማርኩት ከዚያው ከአገራችን ነው።

ጥፋቴ ግን እዚህ ላይ ጀመረ። ቶሮንቶ በገባሁ በአራተኛው ወር የእርስዎ ደብዳቤ ከመጠለያው ተከትሎኝ መጣ። በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል፣ እያንዳንዱን ሆሄ ለብቻው እያሰፉ፣ በሕይወት ካለህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ ብለው ነበር። መርዶ ሰው ይፈልጋል። በማለዳ የሚመጡ ሽማግሌዎች፣ ሲወድቁ የሚይዝዎት ጎረቤት ይፈልጋል። እኔ ከዚህ ሆኜ ማንን ልላክ? መንገዱ ጦርነት ነበር፣ ዳባት የማውቀው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሚነግርዎት ሰው እስካገኝ ብዬ ሁለት መስመር ጻፍኩ። «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» አልኩ። ሰብስቤ «አንቺ» እንደሚልዎት አውቅ ነበርና። ሰው እስካገኝ ያልኩት ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው።

በመልስዎ «ጽሕፈትህ አማረ» አሉኝ። ያን ወር በሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ስልክ ቤትዎ በገባ ጊዜ ደግሞ ጉሮሮዬን ታምሜ ሐኪም መናገር ከልክሎኛል ብዬ ጽፌ ዋሸሁ። «ግድ የለም፣ የምትጽፈው ይበቃኛል» አሉኝ። ፎቶግራፍ ላክ ብለውኝም አያውቁ። እኔም ተመስገን እያልኩ አልላክኩም።

እኔን የወለደችኝ እናት በሦስት ዓመቴ ነው ያረፈችው፤ መልኳን አላውቀውም። መቅደስ ጸዮንን አምጣ ሁለት ቀን ስትቸገር ስለት የተሳሉልኝ እርስዎ ነዎት። ከሥራ የተባረርኩ ዓመት «ሰው እንጂ ሥራ አይታጣም፣ ሚስትህ ላይ እንዳትጮህ» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ሁሉም ደብዳቤዎ አለ፤ መቶ አርባ ይሆናል። ከልጅዎ የወሰድኩት ስሙን ብቻ አይደለም፣ እናቱንም ነው። ይህን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ፤ ደግሞም አንድም ደብዳቤ ባይቀርብኝ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን የምፈራውን ልዘርዝርልዎት ብል ወረቀቱ አይበቃም። መንግሥት በሰው ስም ገብተሃል ብሎ ዜግነቴን ቢነጥቀኝ እፈራለሁ። መቅደስ ሠላሳ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት ብትል እፈራለሁ፤ እሷም አታውቅም። ልጆቼ አሉ፤ ጸዮን ሰብስቤ፣ ባሮክ ሰብስቤ። የአባታቸውን ስም በጻፉ ቁጥር የሚጽፉት የልጅዎን ስም ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የምፈራው ያንን ትንሽ የካሜራ መስታወት ነው። እርስዎ መነጽርዎን አድርገው፣ ከጸዮን ጎን ተቀምጠው፣ ልጄ ብለው ሲጠብቁ ሌላ ሰው ብቅ ሲልብዎት ይታየኛል። ያን ጊዜ የሚይዝዎት ሰው አይኖርም። መርዶውን የምታረዳዎት ምንም የማታውቀው ልጄ ትሆናለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ሲወጡ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩና ፊቱ ተቀመጥኩ። ቀዩ መብራት በራ። እስቲ ልሞክረው፣ ምናልባት ከሰብስቤ ጋር እንመሳሰል ይሆናል፣ አርባ ዓመት ሰውን ይለውጣል ብዬ ነው። «እናቴ» አልኩ። አጥፍቼ ያየሁት ጊዜ፣ ሰውዬው ጉንጩ ገብቶ፣ ዐይኑ በሩን ያያል። ሰብስቤን አይመስልም። እርስዎን የሚመስል ነገር አንድም የለበትም። ደመሰስኩት፤ ደምስሼም እንዳልቀረ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

እንግዲህ አልወሰንኩም። ካሜራውን ጥዬው ብሄድ ጸዮን በስልኳም ቢሆን መቅረጿ አይቀርም፤ ብይዘውም ያው ነው። ታምሜያለሁ ብዬ ከቤት ብቀርስ? ይህንን ደብዳቤም ልላከው ልቅደደው አላውቅም። ለዛሬ እጄ ደክሟል፤ እዚህ ላይ ላቁም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19 ቀን

ዛሬ የገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ካሜራ አልያዝኩም፤ ሰዎች ዛሬስ ባዶ እጅህን ነህ ብለው ቀለዱብኝ። ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ሴት «ጋሽ ሰብስቤ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሔርሞን ትባላለች፣ የዳባት ሰው ናት፤ እህቷን ለመጠየቅ መጥታ ወር ከሰነበተች በኋላ ማክሰኞ ትመለሳለች። የእርስዎ ጎረቤት መሆኗን ስትነግረኝ ወደ መኪናዬ ልሸሽ ዞርኩ። አልቋል፣ ልጅዎን በልጅነቱ ታውቀዋለች ብዬ። እሷ ግን ለዳባት አዲስ ናት፤ እዚያ የገባችው ስታገባ ነው።

ከእርስዎ የቃል መልእክት አለኝ አለች። በሚስቱም በልጆቹም ፊት እንዳይሆን፣ ለብቻው ንገሪው ብለው አስምለዋት ኖሯል። ስለዚህ መኪና ማቆሚያው ጥግ ድረስ ተከተልኳት። ያዘዟትን ሳታዛንፍ ነገረችኝ። ዕድሜዬ እየገፋ ነው፣ ለከርሞ ልድረስ አልድረስ አላውቅም ብለዋል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ንስሐ አባቴ በጸሎት ያነሡህ ዘንድ እፈልጋለሁ፣ ሳልሞት የክርስትና ስምህን ላክልኝ ብለዋል። ይኸው ነው። ሌላ አልጨመሩም።

ሔርሞን አንገቷን ደፍታ፣ «እርጅና ክፉ ነው ጋሼ፣ እናት የገዛ ልጇን የክርስትና ስም ትርሳ?» አለች። እኔም «እርጅና ነው» አልኳት። እሷ ከሄደች በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ሁሉ በመስታወቱ እያየኝ ሲያልፍ ነበር፤ አላፈርኩም።

ቤት እንደገባሁ ካሜራውን ከነቻርጀሩ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከቦርሳዎቹ ጋር ጫንኩት። ጸዮን አይታ «ፋይናሊ» አለች። ሰኞ ማታ እራት ከበላን በኋላ፣ ካሜራው ሳይከፈት፣ ለመቅደስና ለልጆቹ እናገራለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ መቅደስ ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ይዛ ትመለስ ይሆናል። ከተቀመጡልኝ ግን ሐይቁን ከኋላዬ አድርጌ፣ ፊቴን ሳልሸፍን፣ በራሴ ስም ሰላምታ አቀርብልዎታለሁ። እፈራለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ እፈራለሁ። ደብዳቤውን ግን ነገ ለሔርሞን እሰጣታለሁ።

የሰብስቤ የክርስትና ስም ገብረ መድኅን ነው። ገዳሪፍ ላይ ቄሱ ማን ብዬ ልጥራው ሲሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ለሰከንድ እንኳ እንደማይረሱት አውቃለሁ።

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለመስከረም ያድርስዎት። ጸዮን ስትመጣ የሚስሙት ጉንጭ፣ የሚመርቁበት አንደበት አይንሣዎት።

የጠየቁኝ የእኔ ስም ወልደ ሚካኤል ነው።

ልጅዎ